ውድ እራት፣ መራራ ደረሰኝ፦ ትዝታ የሚሸጡ ምግብ ቤቶች የት ላይ ይሳሳታሉ?

የምግብ ቤት ደረሰኝ ፎቶ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ሲለጠፍ የሚከተለው ክርክር የታወቀ ነው። አንዱ «ይሄማ ዘረፋ ነው» ይላል። ሌላው «አቅምህ ካልሆነ ማን ሂድ አለህ?» ብሎ ይመልሳል። ፎቶው ላይ ሁለት ስቴክ፣ አንድ ወይን፣ አንድ ሊትር ውሃ ይታያል። ከታች ድምሩ አለ። ሁለት ቀን ይወራበታል፤ ከዚያ ሌላ ደረሰኝ ይመጣል።

ክርክሩ ሁለት ጥያቄዎችን ይደባልቃል። አንደኛው ምግቡ ለምን ተወደደ የሚል ነው። ሁለተኛው ሰውየው ለምን ተከፋ የሚል ነው። እነዚህ አንድ አይደሉም። ውድ ነገር በልቶ ዓመቱን ሙሉ በደስታ ሲያወራ የሚኖር ሰው አለ። በግማሹ ዋጋ በልቶ ተበላሁ የሚል ሰውም አለ። ዋጋው ብቻ ይህን ልዩነት አይፈታውም።

ውድ ምግብ ቤት ጥጋብ አይሸጥም፤ ጥጋቡ ሩብ ዋጋ በማይሞላ ገንዘብ ሌላ ቦታ ይገኛል። የሚሸጠው ትዝታ ነው። ልደት፣ ምረቃ፣ የቀለበት ጥያቄ፣ ከውጭ የመጣ ወንድም የሚጋበዝበት ምሽት። ትዝታን ደግሞ በእጅጉ የሚወስነው አጨራረሱ ነው። የአዲስ አበባ ምግብ ቤቶች ብዙ ለፍተው የሚያበላሹት እዚያው አጨራረሱ ላይ ነው። ለምን እንደሆነ ለማየት ከሒሳቡ እንነሳ።

1,000 ብር እንዴት 1,265 ይሆናል?

ሜኑ ላይ 1,000 ብር የተጻፈበት ሳህን አለ እንበል። ቤቱ 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ ይጠይቃል። 1,100 ሆነ። ከዚያ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ማለትም ቫት፣ ይታሰባል። ቫቱ የሚሰላው በ1,000 ላይ አይደለም፤ በ1,100 ላይ ነው። 165 ብር ይመጣል። ድምሩ 1,265። ብዙ ሰው 10 እና 15 ደምሮ 25 በመቶ ይላል። እውነተኛው ጭማሪ 26.5 በመቶ ነው።

አንድ ሰው ሦስት ጓደኞቹን ጋበዘ እንበል። በሜኑው ዋጋ የ6,000 ብር ምግብና መጠጥ ታዘዘ። በልቡ የያዘው 6,000 ነው። የሚመጣለት 7,590 ነው። ልዩነቱ 1,590 ብር ነው። አምስተኛ እንግዳ ሳይታይ ገብቶ የበላ ያህል ማለት ነው።

እዚህ ላይ የሚደባለቁ ሦስት ነገሮች አሉ። ቫት ግብር ነው፤ ቤቱ ከደንበኛው ሰብስቦ ለመንግሥት ያስገባዋል። ሰርቪስ ቻርጅ ግብር አይደለም። ቤቱ ለመስተንግዶ ብሎ የሚያስከፍለው ነው፤ ለሠራተኛው እንዴት እንደሚከፋፈል ከቤት ቤት ይለያያል። ሦስተኛው ቲፕ ነው፤ ደንበኛው በፈቃዱ ለአስተናጋጁ በእጁ የሚሰጠው። ሰርቪስ ቻርጅ ከፍሎ ቲፕም የሚጨምር ሰው ለአንድ አገልግሎት ሁለት ጊዜ የከፈለ ሊመስለው ይችላል። አስተናጋጇ ደግሞ ሰርቪስ ቻርጁ እጇ ካልገባ፣ ቲፕ ያልሰጠውን ደንበኛ እንደ ንፉግ ልታየው ትችላለች። ሁለቱም የየራሳቸው እውነት አላቸው። መሐል ላይ የቆመው ያልተብራራ አሠራር ነው።

ነገሩን የሚያባብሰው ሁሉም ቤት አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው። አንዱ ሁሉንም ጨምሮ ይጽፋል። ሌላው ቫቱን ብቻ ይጨምራል። ሦስተኛው ምንም ሳይጨምር ጽፎ፣ ሜኑው ግርጌ ላይ በደቃቅ ፊደል አንዲት መስመር ያስቀምጣል። ደንበኛ ሁለት ሜኑ አመዛዝኖ የቱ እንደሚረክስ ማወቅ አይችልም።

ገንዘቡ የት ይገባል?

መነሻ ዋጋው ራሱ ለምን ናረ? አንዱ መልስ የምንዛሪው ነገር ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲፈቅድ፣ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዓመቱ ከ130 ብር በላይ ደርሶ ነበር። ውድ ምግብ ቤት ደግሞ ብዙውን ነገር በዶላር ነው የሚያስበው። ሳልመኑ፣ የጣሊያኑ አይብ፣ የወይራ ዘይቱ፣ የቡና ማሽኑ መለዋወጫ ሳይቀር ከውጭ ነው የሚመጣው። ከዚያ ኪራይ አለ፣ ጄነሬተር አለ።

ይሁን እንጂ የውድ ምግብ ቤት ትልቁ ወጪ ብዙ ሰው እንደሚገምተው ጥሬ ዕቃው አይደለም፤ ሰው ነው። በሙያው የተለመደው ስሌት ከሽያጩ አንድ ሦስተኛው ገደማ ለጥሬ ዕቃ፣ አንድ ሦስተኛው ገደማ ለሠራተኛ ይሄዳል ይላል። ከቀረው ላይ ኪራይ፣ መብራት፣ ጥገና ሲነሳ ትርፉ ቀጭን ነው። ቤቱ እየተራቀቀ ሲሄድ የሠራተኛው ድርሻ ይበልጥ ያብጣል።

ይህን በግልጽ ያሳዩን የዓለማችን ዝነኛ ቤቶች ናቸው። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በስፔን ካታሎኒያ፣ ሮዜስ ከምትባል የባሕር ዳር ከተማ አቅራቢያ ኤል ቡሊ የሚባል ቤት ነበር። ሼፉ ፌራን አድሪያ ነው። በዓመት ለስድስት ወር ያህል ብቻ ይሠራ ነበር። በዚያ ጊዜ የሚያስተናግደው ወደ 8,000 ሰው ሲሆን፣ ቦታ የሚጠይቀው ግን ወደ ሁለት ሚሊዮን ይደርስ እንደነበር ተዘግቧል። ያ ሁሉ ፈላጊ እያለው ቤቱ ከምግብ ሽያጭ አያተርፍም ነበር። የሚኖረው ከመጻሕፍት፣ ከንግግርና ከምክር ሥራ በሚገኝ ገቢ ነበር። በ2011 ተዘጋ።

ኮፐንሃገን ያለው ኖማም ተመሳሳይ መንገድ ሄደ። በ2003 የተከፈተ ነው። በዓለም አንደኛ ተብሎ አምስት ጊዜ ተመርጧል። የአንድ ሰው ሒሳብ 500 ዶላር ገደማ ደርሶ ነበር። ወጥ ቤቱ ግን ለዓመታት የቆመው ያለ ደመወዝ በሚሠሩ ተለማማጆች ጭምር ነበር። በ2022 መገባደጃ ለተለማማጆቹ መክፈል ሲጀምር የወር ወጪው በ50,000 ዶላር ገደማ ማደጉ ተዘገበ። በጥር 2023 ሼፉ ሬኔ ሬዜፒ ይህ አሠራር እንደማይዘልቅ ተናግሮ፣ ቤቱ መደበኛ መስተንግዶውን ሊያቆም መሆኑን አስታወቀ።

500 ዶላር እየተከፈለበት አልዘልቅ ያለው ለምንድን ነው? አንዲት ሳህን ላይ የሚያርፉት እጆች ብዙ ስለሆኑ ነው። በእንዲህ ዓይነት ቤት የሚቀርበው ቴስቲንግ ሜኑ ይባላል፤ ደንበኛው አይመርጥም፣ ሼፉ ያዘጋጃቸው አሥር፣ አሥራ አምስት፣ ሃያ ትናንሽ ሳህኖች በተራ ይመጡለታል። አንዷን ቅጠል በወረንጦ የሚያስቀምጥ ሰው አለ። የዚያ ሰው ደመወዝ ሒሳቡ ውስጥ አለ። ካልኖረ ደግሞ የከፈለው ራሱ ሰውየው ነው፣ በነፃ ጉልበቱ። ይህ ሊሰመርበት የሚገባ ነገር ይመስለኛል። ስለ ውድ ምግብ ስናወራ የደንበኛውን ኪስ ብቻ እያየን የወጥ ቤቱን ሰው እንረሳለን።

የዶሮ ወጡ ሒሳብ

ጉልበት እንዲህ ዋጋ የሚያወጣ ከሆነ፣ አንድ ጥያቄ መነሳት አለበት። ዶሮ ወጥ ለምን የልፋቱን ያህል ዋጋ አያወጣም?

ዶሮዋ 12 ቦታ ትበለታለች። በሎሚና በጨው ተደጋግማ ትታጠባለች። ሽንኩርቱ ደቆ ይከተፋል፤ ከዚያ እሳት ላይ ለሰዓታት ይቁላላል፣ አጠገቡ ሰው ሳይጠፋ። በርበሬው ራሱ የሳምንት ሥራ ነው፦ ተለቅሞ፣ ደርቆ፣ ተደልዞ፣ ተፈጭቶ። ቂቤው ተነጥሯል። እንጀራው ሦስት አራት ቀን ቦክቷል። የትኛውም የፓሪስ ሶስ ከዚህ የበለጠ ሰዓት አይጠይቅም። ግን ይህን ሁሉ የሠሩት በየቤቱ ያሉ እናቶችና እህቶች ስለሆኑ፣ ሰዓታቸውን ቆጥሮ ዋጋ ያወጣለት ሰው አልነበረም። ምግቡ ወደ ምግብ ቤት ሲገባም ያ ያልተቆጠረ ሰዓት ዋጋው ላይ ሳይጻፍ ቀረ።

በውጭ አገር ደግሞ ሌላ ጫና ይጨመርበታል። በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የምግብ ጥናት ምሁር የሆነው ክሪሽኔንዱ ሬይ፣ አሜሪካኖች ለአንድ አገር ምግብ ሊከፍሉ የሚፈቅዱት ዋጋ የዚያ አገር ሰዎች በኅብረተሰቡ ውስጥ ካላቸው ቦታ ጋር እንደሚሄድ ይከራከራል። የጃፓን ምግብ ጃፓን ስትበለጽግ አብሮ ተወደደ። የስደተኛ ምግብ ግን «ጣፋጭ፣ ብዙና ርካሽ» መሆን ይጠበቅበታል።

ዋሽንግተን ዲሲ ጥሩ ማሳያ ናት። የጎማ አምራቹ ሚሼሊን የሚያወጣው የምግብ ቤቶች መመሪያ በ2016 ወደዚያች ከተማ ሲገባ፣ ሁለት የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች፣ ጨርጨርና ዳስ፣ ቢብ ጉርማንድ በሚባለው ዝርዝር ውስጥ ገቡ። ቢብ ጉርማንድ ከኮከቡ የተለየ ነው። በመጠነኛ ዋጋ ጥሩ ምግብ ለሚያቀርቡ ቤቶች ይሰጣል፤ ያኔ ጣሪያው 40 ዶላር ነበር። ክብር ነው፣ የሚያኮራም ነው። ግን መስፈርቱ ውስጥ ርካሽ መሆን አለበት የሚል ነገር አለ።

ይህን የሚቃወም ሐሳብም ቀላል አይደለም። ብዙ ባለቤቶች ዋጋ ብንጨምር የራሳችን ሰው ይሸሸናል ይላሉ። የሠርግ፣ የክርስትና፣ የሐዘን ቤት ደንበኛቸው ሐበሻው ነው። ምግባችን የጋራ ገበታ ነው፤ አንድ ትሪ ለአምስት ሰው። ይህን በትንሽ ሳህን ቆራርጦ ማቅረብ ነፍሱን ያወጣዋል የሚሉም አሉ። ሁለተኛው ስጋት ትክክል ይመስለኛል። የመጀመሪያው ግን ለዘላለም ሊሆን አይችልም፤ ዋጋ ያልጨመረ ቤት የሚቆጥበው ከሠራተኛው ደመወዝ ነውና።

ትዝታ የሚሠራው የት ላይ ነው?

በ2002 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት የወሰደው የሥነ ልቦና ምሁር ዳንኤል ካኔማን ከባልደረቦቹ ጋር አንድ ቀላል ሙከራ አድርጎ ነበር። ሰዎች እጃቸውን 14 ዲግሪ በሆነ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ለ60 ሰከንድ ይነክራሉ። በሌላ ዙር ደግሞ ሌላውን እጃቸውን እዚያው 14 ዲግሪ ውስጥ 60 ሰከንድ ያቆዩና፣ ከዚያ ተጨማሪ 30 ሰከንድ ይቆያሉ፤ በዚያ 30 ሰከንድ ውሃው ቀስ ብሎ ወደ 15 ዲግሪ ይወጣል። አሁንም ይቀዘቅዛል፣ ብቻ ትንሽ ይሻላል። የቱን ትደግማላችሁ ሲባሉ አብዛኞቹ ረጅሙን መረጡ። ብዙ ቢሰቃዩም አጨራረሱ ስለተሻለ ማለት ነው።

ከዚህና ከመሰል ጥናቶች የወጣው ግኝት፣ ሰው አንድን ነገር ሲያስታውስ የእያንዳንዷን ደቂቃ ድምር አይወስድም የሚል ነው። የሚይዘው በጣም የጎላችዋን ቅጽበትና መጨረሻውን ነው። ርዝመቱ ብዙም ዋጋ የለውም። አማርኛችን ይህን ያውቃል፤ «መጨረሻውን ያሳምረው» ብለን የምንመርቀው በከንቱ አይደለም።

የጎላች ቅጽበት ምን ትመስላለች? ኒው ዮርክ ኢለቨን ማዲሰን ፓርክ የሚባል ቤት አለ፤ በ2017 የዓለም አንደኛ ተብሏል። የቀድሞ ባለድርሻው ዊል ጊዳራ ደጋግሞ የሚያወራው ታሪክ አለ። አንድ ቀን ሳህን እያነሳ ሳለ፣ ከተማዋን ሊለቁ የተቃረቡ አራት እንግዶች ሲጫወቱ ይሰማል። በታላላቆቹ ቤቶች ሁሉ በልተናል፣ የመንገድ ላይ ሆት ዶግ ብቻ ቀረን ይላሉ። ጊዳራ ወጥቶ ከጋሪ ላይ በሁለት ዶላር ሆት ዶግ ገዛ። ሼፉ ዳንኤል ሃም አራት ቦታ ቆርጦ እንደ ማንኛውም ውድ ምግብ በየሳህኑ አሳምሮ አስቀመጠው። እንግዶቹ በደስታ ፈነደቁ። ጊዳራ በሥራ ዘመኑ ካቀረበው ምግብ ሁሉ እንዲህ ያለ ደስታ የፈጠረ እንዳላየ ይናገራል። ከዚያ በኋላ ይህን መሰል ነገር ብቻ የሚያስቡ ሠራተኞች ቀጠረ።

የምሽቱ ከፍታ ሁለት ዶላር ያወጣል። ግን የሰማ ጆሮ ያስፈልገዋል፤ ጆሮ ለመስጠት ደግሞ ፋታ ያለው አስተናጋጅ ያስፈልጋል። አሥር ጠረጴዛ ብቻዋን የያዘች ልጅ የማንንም ጨዋታ ልትሰማ አትችልም። ስለዚህ ከፍታውም ዞሮ ዞሮ የሚገዛው በሠራተኛ ቁጥርና በደመወዝ ነው።

ዋጋው ራሱ ጣዕም ይጨምራል የሚል ክርክርም አለ፤ መሠረትም አለው። በ2008 የታተመ የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች ሙከራ፣ ሰዎች አንዱን ወይን «10 ዶላር ነው» ተብለው ሲቀምሱና «90 ዶላር ነው» ተብለው ሲቀምሱ፣ በሁለተኛው የበለጠ እንደጣፈጣቸው አሳይቷል። አእምሯቸው ውስጥ ደስታን የሚመዘግበው ክፍልም አብሮ ነቅቷል። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ጥናት ግን ዋጋ ሳይነገራቸው የተደረጉ ከ6,000 በላይ ቅምሻዎችን መርምሮ፣ ሙያው የሌላቸው ሰዎች ውዱን ወይን እንደማይመርጡ አገኘ። ሁለቱ አይጋጩም። ዋጋው የሚጣፍጠው ስንነገረው ነው።

ገንዘብ ለዕቃ ከሚወጣ ለገጠመኝ ቢወጣ ይሻላል የሚለው ታዋቂ ምክርም የመጣው ከጥናት ነው። ቫን ቦቨንና ጊሎቪች የተባሉ ተመራማሪዎች በ2003 ያሳተሙት ነው። በኋላ የመጡ ጥናቶች ግን አንድ ነገር አክለዋል፤ ይህ የሚሠራው ይበልጥ የተደላደለ ኑሮ ላለው ሰው ነው። ኑሮ ለጠበበው ሰው ፍሪጅ የሚሰጠው ደስታ ከእራት አያንስም። ደረሰኝ ተለጥፎ በሚጋጋለው ክርክር ውስጥ አንዱ ሌላውን የማይሰማው በከፊል ለዚህ ነው። አንዱ ትዝታ ገዛሁ ይላል፤ ሌላው የቤት ኪራዩን ያስባል።

ይሉኝታና የሒሳቡ ማህደር

አሁን ወደ መጨረሻዋ ቅጽበት እንምጣ። በእኛ ዘንድ ሒሳብ ብዙ ጊዜ አይካፈልም። ጋባዥ አለ። «እኔ ነኝ የምከፍለው» ተብሎ ትግል አለ፤ እጅ ይያዛል፣ አስተናጋጁ ይጠራል፣ «ከሱ እንዳትቀበል!» ይባላል። ያሸነፈው ሰው የቆዳ ማህደሯን ይከፍታል። 7,590።

በዚያች ሰከንድ ምን ማድረግ ይችላል? እንግዶቹ እያዩት ነው። «ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ አስተናጋጁን ቢጠይቅ የጋበዛቸውን ሰዎች የቆጠረባቸው ይመስላል። ይሉኝታ ይይዘዋል። ፈገግ ብሎ ይከፍላል። ቅሬታው ግን አልጠፋም፤ መኪናው ውስጥ ከሚስቱ ጋር ይወራል፣ በማግስቱ ፎቶ ሆኖ ይለጠፋል። የምሽቱ ሙዚቃ፣ ሥጋው፣ ሣቁ ሁሉ ከዚያች ቁጥር ጀርባ ይቆማል።

ምግብና ገንዘብ በአንድ ገበታ ላይ መገናኘታቸው ለእኛ ያን ያህል ያረጀ ነገር አይደለም። እቴጌ ጣይቱ ሆቴላቸውን ሲከፍቱ ሰው ምግብ በገንዘብ ገዝቶ መብላት ነውር መስሎት እንደነበርና፣ አፄ ምኒልክ መኳንንቱን ይዘው ሄደው በልተው በመክፈል ምሳሌ እንደሆኑ በሰፊው ይነገራል። ያ ስሜት ሙሉ በሙሉ አልለቀቀንም። «ጉርሻ» የሚለውን ቃል ለቲፕም የምንጠቀምበት ያለ ነገር አይደለም፤ ክፍያውን እንኳ የማጉረስ መልክ ልንሰጠው እንፈልጋለን።

ሌሎች አገሮች ይህችን ቅጽበት በተለያየ መንገድ ሞክረዋታል። ቺካጎ ውስጥ ኔክስት የሚባል ምግብ ቤት በ2011 ሲከፈት እንደ ቲያትር ትኬት ይሸጥ ነበር። ደንበኛው ከሳምንታት በፊት ከፍሎ ይጨርሳል። ምሽቱ ላይ ሒሳብ የሚባል ነገር ብዙም አይነሳም። የመክፈል ሕመምን ከመብላት ደስታ መለየት ማለት ነው፤ ሰው ገንዘብ ሲያወጣ የሚያሳየውን ባሕርይ የሚያጠኑ ኢኮኖሚስቶችም ቀድሞ የከፈለ ሰው ሲበላ እንደ ነፃ ይሰማዋል ይላሉ።

ፈረንሳይ ሌላ መንገድ ወሰደች። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ሜኑ ላይ የሚጻፈው ዋጋ ግብርም መስተንግዶም የተካተተበት እንዲሆን በሕግ አስገደደች። ሜኑው ላይ 30 ካለ 30 ነው የሚከፈለው።

አሜሪካ በተቃራኒው ቆማለች። ግብሩም ቲፑም ከሜኑው ውጭ ነው። ቲፕ ለሚያገኝ ሠራተኛ የፌዴራሉ ዝቅተኛ ደመወዝ ከ1991 ጀምሮ በሰዓት 2.13 ዶላር ነው፤ ስለዚህ ብዙ ቦታ የአስተናጋጁ ገቢ ደንበኛው በሚጨምረው 18፣ 20 በመቶ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ዳኒ ሜየር የተባለው የኒው ዮርክ ባለምግብ ቤት በ2015 ቲፕን አስቀርቶ ሁሉንም ዋጋው ውስጥ ለማስገባት ሞከረ። ሜኑው ከጎረቤቶቹ የተወደደ መሰለ። ገቢያቸው የቀነሰ አስተናጋጆችም ለቀቁት። በ2020 ሙከራውን ተወው።

የአዲስ አበባ ባለቤቶች የሚያነሱት ክርክር ከዚህ ጋር አንድ ነው። «እኔ 1,265 ብዬ ስጽፍ ጎረቤቴ 1,000 ብሎ ከጻፈ ደንበኛ ወደ እሱ ይሄዳል» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። አንድ ቤት ብቻውን ሐቀኛ ሲሆን የሚከስርበት ገበያ ነው ያለው። የዳኒ ሜየርና የፈረንሳይ ልዩነት የሚያስተምረውም ይህንኑ ነው፤ ሁሉም በአንድ ቀን ሲገባበት የተወደደ የሚመስል ቤት አይኖርም። ስለዚህ ይህን የጥቂት ቤቶች በጎ ፈቃድ ብቻውን አይፈታውም። የሆቴል ባለቤቶች ማኅበራትና ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት አብረው ሊገቡበት ይገባል።

ከቁርጥ ቤት የሚወሰድ ትምህርት

ሩቅ አገር ሳይኬድ ግን እዚሁ ሰፈራችን ውድ ሆኖ ብዙም የማያጣላ ምግብ አለ። ቁርጥ።

ቁርጥ ቤት ርካሽ አይደለም። አራት ሰው ጥሩ አድርጎ ከበላና ከጠጣ የሚወጣው ገንዘብ ከብዙ የቦሌ ምግብ ቤቶች ጋር ይፎካከራል። የሚሆነውን ግን ልብ ብላችሁ እዩት። ሥጋው ፊት ለፊት ተሰቅሏል። የኪሎው ዋጋ ግድግዳ ላይ ተጽፏል። ደንበኛው ራሱ ይጠጋና «ከዚህ፣ ከሻኛው ጨምርበት» ይላል። ሥጋ ቆራጩ ቆርጦ ሚዛን ላይ ያወጣዋል። ሚዛኑ ላይ የሚታየው ቁጥርና የሚከፈለው ቁጥር አይራራቅም። ገበታው ላይ አዋዜው፣ ሚጥሚጣው፣ ቢላዋው ይመጣል። ሰው ጠግቦ ሲወጣ ስለ ሥጋው ነው የሚያወራው።

ውድነቱ ከመብላቱ በፊት ታወቀ። ተመረጠ። ከዚያ ተረሳ። ቺካጎ በትኬት የሠራችውን ቁርጥ ቤት በሚዛን ሠርቶታል።

አዲስ አበባ ውስጥ ውድ ቤቶች ገና ይበዛሉ። በስዊድን ያደገው፣ በ2009 ለኦባማ የመጀመሪያውን የመንግሥት እራት ያዘጋጀው ትውልደ ኢትዮጵያዊ ሼፍ ማርከስ ሳሙኤልሰን፣ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሕንፃ ላይ በራሱ ስም ምግብ ቤት ከፍቷል። ሌሎችም ይከተላሉ። ወጣት ሼፎች ቴፍን፣ ቆጮን፣ የጎጃም ማርን ይዘው አዲስ ነገር ለመሥራት እየሞከሩ ነው። ይህ ጥሩ ነገር ነው። እነዚህ ልጆች ለሥራቸው ተገቢውን ዋጋ መጠየቅ ይገባቸዋል፤ ደንበኛም እንደተታለለ ሳይሰማው መክፈል ይገባዋል።

አሠራሩ እስኪስተካከል አንድ ቤት ነገ ሊያደርገው የሚችለው ነገር አለ። ሜኑው ላይ ከእያንዳንዱ ዋጋ አጠገብ ሁሉም የተካተተበትን ቁጥር ደርቦ መጻፍ አንዱ ነው። ሌላው ቅደም ተከተሉን መቀየር ነው። ዛሬ ቡናው ይጠጣል፣ ከዚያ ማህደሯ ትመጣለች፣ ከዚያ ሰው ወንበሩን ገፍቶ ይነሳል። ይህ በቤታችን ልማድ የተገለበጠ ነው። ቤት ውስጥ እንግዳ ሲሸኝ የመጨረሻው ነገር ሒሳብ አይደለም። ሒሳቡ ገበታው ሲነሳ፣ እጅ ሲታጠብ፣ በዚያች ግርግር መሐል ተዘግቶ ቢያልቅ ማንም አይጎዳም። ከዚያ ቄጤማው ላይ ረከቦቱ ይቀርባል። ዕጣን ይጨሳል። ፈንዲሻው ይዞራል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ።